ያልተረገጠው ወለል

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ ሽማግሌው፣ በትራቸውን ከበሩ መቃን አስደግፈው።

ጎረቤታቸው የሆነች አንዲት ወጣት ከቤት መውጣት ከተወች ሰንብታለች። ሥራዋም እዚያው፣ ምግቧም እዚያው፣ እንቅልፏም እዚያው ነው። ሽማግሌው ድምፅዋ ቢጠፋባቸው ደህንነቷን ሊጠይቁ መጡ። «ቤቶች» ብለው ሲጣሩ በሩን ገርበብ አድርጋ ሰላም አለቻቸው። ደህና መሆኗንም ነገረቻቸው። ከዚያ እንደ ዋዛ አንድ ነገር ጠየቀቻቸው። ወር በገባ ቁጥር ይህን ይህን እሠራለሁ ብላ ለራሷ ታቅዳለች። ወሩ ሲወጣ ቁጭ ብላ ራሷን ትገመግማለች። ብዙውን ጊዜም ያለችውን አድርጋ ትገኛለች።

«ታዲያ አባባ፣ ሁሉን ከሠራሁ በኋላ ልቤ ባዶ የሚሆነው ለምንድን ነው?» አለቻቸው።

ሽማግሌው ንግግር አያበዙም፤ ፊደልም አልቆጠሩ። ለመልስ ያነሱት የሰውየውን ነገር ነው።

ሰውየው ገበሬ ነው። ሚስቱ ሞታበት፣ ልጆቹ ሩቅ አገር ተድረው፣ ብቻውን ቀረ። ይህ ሰው የጽዋ ማኅበር ነበረው። ማኅበርተኛው በየወሩ ከአንዱ ቤት ይሰበሰባል፤ ይበላል፣ ይጠጣል፣ የታመመውን ይጠይቃል፣ የተጣላውን ያስታርቃል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የሚቀጥለው ወር ተረኛ ጽዋውን አንስቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ሌላው እየዘመረ ይሸኘዋል። ሚስቱ በነበረች ጊዜ ጽዋው እሱ ቤት ሲገባ ግቢው ይሞቅ ነበር። ከሞተች በኋላ ግን ተራው ሲደርስ ቤቱን ዙሪያውን አየና አፈረ። ክዳኑ ያፈሳል። አጥሩ ጎብጧል። ቤቱን እስኪያበጅ እንዲታገሡት ለመነ። ማኅበርተኛው አዘነለት፤ ጽዋውም ወደ ሌላው አለፈ።

ከዚያ ወዲያ ከደጁ አልወጣም። ማኅበሩ ጋ መሄዱንም ተወ። የራስን ተራ አሳልፎ የሰው ጽዋ መጠጣት ነውር መስሎታል።

በወር መባቻ፣ በጠዋቱ፣ ግቢው ውስጥ ካለች አንዲት ድንጋይ ላይ ይቀመጥና በዚህ ወር ይህን እሠራለሁ ይላል። ወሩ ሲያልቅ እዚያችው ድንጋይ ላይ ይመለሳል። እንደ ጭቃ ሹም ራሱን ይጠይቃል፤ እንደ ባላገር ራሱ ይመልሳል። ያልከውን አደረግህ? አደረግሁ። እንግዲያ ምን ቀረህ? መቼም የሚቀር ነገር አይጠፋም።

አንድ ወር ክዳኑን ከደነ። አንድ ወር አጥሩን አጠረ። ግድግዳውን መረገ፣ መደቡን አስተካከለ። ሰነፍ ሰው አልነበረም፤ እሱን ልብ በይ። ቤቱ እያማረ ሄደ። እሱ ግን ራት ሲቀርብ የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቅልሎ ይይዝና፣ የሚያጎርሰው ሲያጣ ወደ ራሱ አፍ ይመልሳታል።

የወለሉ ወር ደረሰ። እበት መለቅለቅ በዚያ አገር የሴት ሥራ ነው። በአጥር ያዩት ሴቶች ሳቁበት፤ አንዷማ ሲጨርስ የእሷንም ቤት እንዲደግምላት ለመነችው። እሱ ከጓዳ ጀምሮ እያፈገፈገ ለቅልቆ፣ በበሩ ወጥቶ፣ ደጁ ላይ እጁን ሲታጠብ ባልንጀራው መጣ። በማኅበር ጎን ለጎን የሚቀመጡ ናቸው። ባልንጀራው እንደ ድሮው «ቤቶች» አለና መልስ ሳይጠብቅ አንድ እግሩን አስገባ።

ለዚህ ቃል መልሱ «ቤት ለእንግዳ» ነው፤ ይህን ሕፃንም ያውቀዋል። ሰውየው ግን «እግርህን» አለ። «ገና አልደረቀም።»

ባልንጀራው እግሩን አወጣ። አንገቱን አስግጎ ውስጡን አየ። «ሙሽራ ልታስገባ ነው እንዴ?» አለው። ከዚያ ቀስ ብሎ የመጣበትን ተናገረ። የሰውየው ተራ ዳግመኛ ደርሷል፤ በዚህ ወር ያነሳ እንደሆነ ጠይቅ ብሎ ማኅበርተኛው ልኮታል።

«ወለሉ ይድረቅ። ከዚያ ደግሞ በሩ አለ። በሩን ስጨርስ እነግርሃለሁ።»

«ጽዋ እኮ ወለል አያይም፣ ወንድምዓለም።»

«እኔ አያለሁ።»

ባልንጀራው እግሩን በሣር ጠርጎ ሄደ።

ወሩ አለቀ። ሰውየው ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ራሱን ጠየቀ። ወለሉ ደርቋል፤ ስንጥቅ የለው፣ ጉብታ የለው። አንድ ጉድለት ብቻ አገኘበት። በሩ ሥር የባልንጀራው እግር ጣቱ ሳይቀር ታትሞ ቀርቷል። በዚህ ወር እሱን አጠፋለሁ አለ።

ዛሬ ነገ ሲል ቆይቶ፣ የማኅበሩ ዕለት ከሰዓት በኋላ እበቱን በጠበጠ። ከውስጥ ሆኖ በሩ ሥር ለቀለቀው። ዱካው ጠፋ። ሰውየው ቀና ሲል ዝማሬ ሰማ። ማኅበርተኛው ጽዋውን እየሸኘ ነው። ድምፁ ቀረበ፤ ከአጥሩ ጥግ ደረሰ። የባልንጀራውን ወፍራም ድምፅ ከሁሉ ለየው። በደጁ ሲደርሱ ዝማሬው ዝቅ ያለ መሰለው፤ ወይም ዝቅ እንዲል ተመኝቶ ይሆናል። ከዚያ አለፈ። ማንም አልተጣራም። ለምንስ ይጣራሉ?

ሰውየው እጁ ላይ እበት እንደያዘ ቆመ። መውጫው በእርጥቡ ላይ ነው። እስኪደርቅ ልቆይ ቢል ድምፁ ከጉብታው ወዲያ ይጠፋል። ወለሉን አየ። አንድም ዱካ የለበትም፤ የልጆቹም የለ፣ የባልንጀራውም የለ። እንዲህ ተስተካክሎ የተደለደለ ነገር ያየው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፤ የሚስቱ መቃብር ሲሞላ።

ረገጠው። በባዶ እግሩ ረግጦት ወጣ።

ሲደርስ ጽዋው ተረኛው ቤት ገብቷል። ሸኚዎቹም ተቀምጠው ይቀማምሳሉ። እሱ እጁ እበት፣ እግሩ እበት ሆኖ በሩ ላይ ቆመ። ሁሉም ዞረው አዩት። ባልንጀራው ጠጋ አለና ከጎኑ ቦታ ለቀቀለት።

«ወለሉን አበላሸዋለሁ» አለ ሰውየው።

«ግባ፤ ደግሞ ይለቀለቃል» አለችው የቤቱ ባለቤት።

በሚቀጥለው ወር ጽዋውን ያነሳው እሱ ነበር። በሩ እንዳልተሠራ ነው። ወለሉ ላይ ወደ ውጭ የሚሄድ የራሱ እግር ዱካ ደርቆ ነበር፤ አልነካውም። ማኅበርተኛው በላዩ እየረገጠ ገባ።

ሽማግሌው በትራቸውን ከመቃኑ አነሱ።

«አንቺም ልጄ፣ እንደዚያ ሰው ነሽ። ሰነፍ አይደለሽም። ወር ሲገባ ወለልሽን ትለቀልቂያለሽ፤ ወር ሲወጣ አይተሽ አማረ ትያለሽ። እውነትሽን ነው፣ አምሯል። ግን ራስሽን ስትጠይቂ ምን ሠራሁ ብቻ አትበይ። ማን ገባ፣ እኔስ ወደ ማን ወጣሁ በይ። ልብሽ ባዶ የሆነው ሥራ ጎድሎት አይደለም፤ የሚረግጠው ሰው አጥቶ ነው።»

የልጅቱ እጅ አሁንም በሩን እንደያዘ ነው።

«ስመጣ ‹ቤቶች› ብዬ ነበር» አሉ ሽማግሌው። «እስካሁን የቆምኩት መልሱን ስጠብቅ ነው።»