አያ ጅቦና የቅዳሜ ነጂዎች

አንድ ጊዜ ቀይ አፋፍ በሚባል ተራራ ሥር ብቻውን የሚኖር ጅብ ነበር። አያ ጅቦ ይሉታል። ጎረቤት አልነበረውም፤ የነበሩትን በልቷቸዋል። ሲርበው ከዋሻው ይወጣል፣ ያገኘውን ይበላል፣ ተመልሶ ይተኛል። ኑሮው ይኸው ነበር፤ ቅሬታም አልነበረውም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የደወል ድምፅ ከእንቅልፉ ቀሰቀሰው። አንገቱን ከዋሻው አውጥቶ ቢያይ፣ ከተራራው አናት ወደ ሜዳው በሚወርደው ቀጭን መንገድ ላይ እንስሳት በብስክሌት ተከታትለው ይወርዳሉ። ከፊት አባ ጭላዳ የሚባሉት ሽማግሌ ዝንጀሮ ጋማቸውን ነፋስ እየገለበው ይመራሉ። ድኩላ ይከተላል፣ ሚዳቋ ትከተላለች፣ ቀበሮም አለች፣ ሌሎችም አሉ። ድንጋዩን ይዘሉታል፣ በጽዱ መሀል ይሽሎከለካሉ፣ እየተጯጯሁ ይስቃሉ። ከሁሉም ኋላ፣ ለጆሮዋ ሁለት ቀዳዳ የተበጀለት የራስ ቁር ያደረገች አንዲት ድልብ አህያ ሳትቸኩል ትመጣለች።

አያ ጅቦ ምራቁን ዋጠ። «የኋለኛዋ ብቻዋን ናት» አለ ለራሱ።

ወዲያው ተነሥቶ ሮጠ። በቁልቁለት የሚወርድን ብስክሌት በእግር ሮጦ መያዝ እንደማይቻል የገባው ግን ሜዳው ላይ ደርሶ፣ ምላሱን አንጠልጥሎ፣ ሁሉም ከሄዱ በኋላ ነው። ሁሉም አልሄዱም፤ ቀበሮ የተፈታ ብሎን ለማጥበቅ ቆማ ነበር።

«ምን ያስሮጥሃል፣ አያ ጅቦ?»

«ስፖርት ነው።»

ቀበሮ ዐይኑን ተከትላ አየች። ዐይኑ የአህያዋን ዳሌ ተከትሎ ከሜዳው ሾላ ዛፍ ጀርባ እየጠፋ ነበር።

«በእግርህ አትደርስባትም» አለችው። «ከኛ ጋር ግባ። እመት አህያ ሁልጊዜ መጨረሻ ናት። የደከመ እንዳይቀር ከኋላ መሄድ ሥራዋ ነው። አንተም መጨረሻ ከሆንክ መንገድ ላይ ሁለታችሁ ብቻ ትሆናላችሁ።»

«መጨረሻ ለመሆን ምን ያስፈልጋል?»

ቀበሮ ከላይ እስከ ታች አየችው። «አንተ ምንም አያስፈልግህም» አለች። «ታዲያ ሲሳካልህ ጉበቷ የኔ ነው።»

አያ ጅቦ ረጅም ጊዜ አሰበ። «ግማሹ» አለ።

«ይሁን።»

ብስክሌቱን ከከርከሮ አገኘ። ከርከሮ ቀንዳም ጥርሱ ከመሪው ጋር እየተጠላለፈ ስላስቸገረው መንዳት ትቶ ነበርና «ውሰድልኝ፣ ባየሁት ቁጥር መንጋጋዬን ያመኛል» ብሎ ሰጠው። የአያ ጅቦ የኋላ እግር አጭር ስለሆነ መቀመጫው እስከ ታች ወረደ። ያም ሆኖ ፔዳሉን የሚነካው በጣቶቹ ጫፍ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ፀሐይ ስትወጣ ነጂዎቹ ከሚሰበሰቡበት ሾላ ሥር ተገኘ። ሚዳቋ አየችውና ዛፉ ጀርባ ገባች። አባ ጭላዳ ግን ከብስክሌታቸው ወርደው ሰላም አሉት።

«ሕጋችን ሁለት ነው» አሉት። «ነጂ ነጂን አይበላም። የቀረውን ጥሎ የሚሄድ የለም።»

አያ ጅቦ ራሱን አከከ። «የመጀመሪያው ሕግ… ከጉዞው በፊትም ይሠራል?»

«ከጉዞው በፊትም።»

«ከጉዞው በኋላስ?»

«ከጉዞው በኋላም ይሠራል።»

አያ ጅቦ በውስጡ ደስ አለው። «በጉዞው መሀል አላሉም» ብሎ አሰበና «ገብቻለሁ» አለ።

ዳገቱ ተጀመረ። አያ ጅቦ መጨረሻ ለመሆን አንዳች ጥረት ማድረግ አላስፈለገውም። ገና መጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ድኩላና ሚዳቋ ከዐይኑ ጠፉ። ሁለተኛው ላይ የራሱን ትንፋሽ ብቻ ይሰማ ጀመር። ሦስተኛው ላይ ዞር ሲል እመት አህያ አጠገቡ አለች። ማንም የለም። ዱር ነው። ጊዜው ደረሰ ብሎ አፉን ከፈተ።

«እመት… እመት አህያ…»

«አቤት።»

«ው… ውኃ።»

ከብስክሌቷ ላይ ያንጠለጠለችውን ቅል አውርዳ ሰጠችው። ጠጥቶ ጨረሰው። «ማርሹን አቅልለው» አለችው። «ዳገት በጉልበት አይወጣም። እኔ አሥራ ሁለት ዓመት እህል ተሸክሜ ወጥቼዋለሁ፤ ያኔ ማርሽ የሚባል ነገር አልነበረኝም። አሁንማ ሽርሽር ነው።»

አናቱ ላይ ሲደርስ መብላት ቀርቶ መቆምም አቅቶት ነበር። ቁልቁለቱ ሲመጣ ደግሞ ደንግጦ የፊቱን ፍሬን ብቻ ያዘ፤ ብስክሌቱ ቆመ፣ እሱ ግን አልቆመም። እመት አህያ ከቁጥቋጦ ውስጥ አወጣችው። «ሁለቱንም ፍሬን፣ በቀስታ» አለችና መልሳ አስቀመጠችው። ስድስት ጊዜ ወደቀ፤ ስድስቱንም ጊዜ አነሣችው።

ሜዳው ላይ ሲደርሱ ሁሉም ሾላው ሥር ቆመዋል። ፀሐዩ በርትቷል፣ ላባቸው ደርቋል።

«ለምን ቆማችሁ?» አለ አያ ጅቦ።

«አንተን ስንጠብቅ» አሉ አባ ጭላዳ።

አያ ጅቦ ሌላ ጅብ ይኖር እንደሆነ ወደ ኋላው ዞሮ አየ። አልነበረም። እሱን ሲያይ የሚሸሽ እንጂ የሚጠብቀው አጋጥሞት ስለማያውቅ ምን እንደሚባል አላወቀም። «እሺ» አለ።

ሳምንት አልፎ ሳምንት መጣ። በየቅዳሜው ሊበላት ይወጣል፣ በየቅዳሜው ዳገቱ ላይ ትንፋሹ ያልቃል፣ በየቅዳሜውም እመት አህያ ትጠብቀዋለች። ሊበላት ጉልበት እንዲኖረው ብሎ በየቀኑ ልምምድ ጀመረ። እግሩ ጠነከረ። ማርሽ መቀየር ቻለ፤ ሥሩንና ድንጋዩን ዘሎ ማለፍ ቻለ። ድኩላ መታጠፊያ ላይ እንዴት ሰውነቱን እንደሚያጋድል አሳየው። ሚዳቋም ከዛፍ ጀርባ መግባቷን ትታ «ዛሬ ጥሩ ወረድክ» ትለው ጀመር። እሱም «አንቺም» ይላት ነበር፣ ዐይኑን ወደ መሬት እያደረገ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ጉልበት ሲያገኝ ከኋላ መሆኑ ቀረ። በአንዱ ቅዳሜ አምስተኛ ሆነ፣ በሌላው ሦስተኛ። መስከረም ሲጠባ ደግሞ ከአባ ጭላዳ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆኖ ወረደ። ከአናት እስከ ሜዳ እየጮኸ ወረደ፤ ሁሉም አጨበጨቡለት፤ እሱም ሳቀ። አህያዋን መብላት እንደነበረበት ትዝ ያለው ማታ ዋሻው ገብቶ እግሩን ሲታጠብ ነው።

በማግሥቱ ቀበሮ መጣች።

«ጉበቴስ?»

«ረሳሁት።»

«ምኑን?»

«መብላቱን።»

ቀበሮ ተቀመጠች። «እኔ ልንገርህ ባይሆን» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሰሞኑን መሳቂያ አድርገውሃል። ሚዳቋ ‹ይሄ ጅብ ጥርሱ ረግፎ ነው እንጂ ሣር በሊታ መሀል ምን ይሠራል› ትላለች። አባ ጭላዳም ሳቁ።»

ሚዳቋ አላለችም፤ አባ ጭላዳም አልሳቁም። አያ ጅቦ ግን ጥርሱን በምላሱ ቆጠረ። ሁሉም አለ።

«ቅዳሜ ከአናቱ ትንሽ ወረድ እንዳልክ ቁም» አለችው ቀበሮ። «አንዱን ጎማ አስተንፍሰውና ተቀመጥ። ሌላው ሁሉ ‹እመት አህያ ከኋላ አለች› ብሎ ያልፍሃል። እሷ ልትጠግንልህ ታጎነብሳለች። የቀረውን አንተ ታውቃለህ።»

አያ ጅቦ ሳምንቱን ሙሉ አሰበ። ማሰብ ስላልለመደ ራሱን አመመው። አንዴ «ተይው ይቅር» ሊላት እስከ ቀበሮ ጉድጓድ ድረስ ሄደ፤ ደጃፉ ላይ ሆዱ ጮኸና ተመለሰ።

ቅዳሜ ደረሰ። ሁሉም እንደ ቀበሮዋ ቃል አለፉት። አያ ጅቦ አንድ ጎማ ከተባለ ሁለት ቢሆን ይበልጥ አስተማማኝ ነው ብሎ ሁለቱንም አስተንፍሶ ተቀመጠ። እመት አህያ መጣች፣ ወረደች።

«ሁለቱም?» አለች።

«ሁለቱም።»

«ምን ወጋው?»

«እሾህ።»

«የታለ?»

«ሄደ።»

እመት አህያ ብዙ አልጠየቀችም። ብስክሌቱን ገልብጣ የፊቱን ጎማ ፈታችና ሣሩ ላይ አኖረችው። ብስክሌቱን መልሳ በጎኑ አስተኛችውና ጎማው ላይ አጎንብሳ ቀዳዳውን በጣም በዝግታ ትፈልግ ጀመር። አንገቷ ከአፉ አንድ ክንድ አይርቅም።

«አንድ ነገር ልነግርህ ነበር» አለች ቀና ሳትል። «ጥንቸል መግባት ትፈልጋለች፤ ዳገቱን ግን ፈራች። ‹አያ ጅቦ አጠገብሽ ይሄዳል፤ እሱም ሲጀምር እንዳንቺ ፈሪ ነበር› አልኳት። ደስ አላት። እኔም እያረጀሁ ነው። ከኋላ መሄዱን አንድ ቀን ላንተ እተውልሃለሁ ብዬ አስቤአለሁ።»

የአያ ጅቦ ልብ አንድ ነገር አለው። ሆዱ ሌላ ነገር አለው። ሆዱ የበለጠ ጮኸ።

ዘለለ። እመት አህያ ግን ጥላውን ሣሩ ላይ አይታ አንገቷን ወደ ጎን ሳበች፤ አፉ ውስጥ የገባው የጋማዋ ጫፍ ብቻ ነበር። በኋላ እግሯ አንዴ ደረቱ ላይ አሳረፈችበት፣ ብስክሌቷ ላይ ወጣች፣ ደወሏን ሳታቋርጥ እየደወለች ቁልቁለቱን ተያያዘችው። አያ ጅቦም ትንፋሹ እንደተመለሰ ብስክሌቱን አንሥቶ ዘሎ ተቀመጠና ተከተላት።

የፊቱ ጎማ ሣሩ ላይ ቀርቷል።

ብዙ አልሄደም። መንገዱ ዳር ያለው ገደል ውስጥ ገብቶ፣ ከግራር እሾህ ላይ አርፎ፣ የፊት እግሩ ተሰብሮ ቀረ።

እመት አህያ ሾላው ሥር ደረሰች። የሆነውን ነገረቻቸው። ቀበሮ «እኔ ድሮም አላመንኩትም ነበር» አለችና ብስክሌቷን ወደ መንገዱ አዞረች።

«እዚያው ይቅር!» አለ ድኩላ። ሚዳቋ ታለቅስ ነበር።

አባ ጭላዳ ወደ እመት አህያ አዩ። «የተነካሽው አንቺ ነሽ። አንቺ ያልሽው ይሆናል።»

እመት አህያ ፈርታ ነበር፤ ከፍርሃቷም በላይ አዝና ነበር። «አንዱን ሕግ እሱ አፍርሷል» አለች በመጨረሻ። «ሌላውን እኛ አናፈርስም። ከኋላ የምሄደው እኔ ነኝ፤ የቀረ ካለ የማመጣው እኔ ነኝ።»

ሁሉም ተመልሰው ዳገቱን ወጡ። በገመድ ጎትተው ከገደሉ አወጡት። በእግሩ መሄድ ስለማይችል እመት አህያ ጀርባዋን አስተካከለች። «አፉን ግን እሰሩልኝ» አለች። ድኩላ በአሮጌ የጎማ ላስቲክ አጥብቆ አሰረው። አያ ጅቦ እስከ ዋሻው ድረስ ጀርባዋ ላይ ተኝቶ፣ ጆሮዎቿን ከኋላ እያየ ሄደ።

ዋሻው ደጃፍ አውርደውት ላስቲኩን ፈቱለት።

«ቀበሮ ናት ያለችኝ» አለ።

ሁሉም ዞረው ቀበሮን ፈለጉ። ቀበሮ ከሾላው ሥር ጀምሮ አልነበረችም፤ ከዚያም በኋላ በዚያ ተራራ አልታየችም።

«ያለችህ እሷ ትሁን» አለች እመት አህያ። «የዘለልከው አንተ ነህ።»

«እግሬ ሲድን… ቅዳሜ…»

«እግርህ ይድናል። ቅዳሜ ግን አትመጣም።»

«አባ ጭላዳ ናቸው ያሉት?»

«እኔ ነኝ።»

እግሩ ለመዳን አራት ወር ፈጀ። ሲድን ጎማውን ከሣሩ ውስጥ ፈልጎ አገኘውና ብስክሌቱን ራሱ ጠገነ። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜን እየተወ ማክሰኞ ማክሰኞ ብቻውን ይወጣል። ከድሮውም የተሻለ ነጂ ሆኗል ይባላል፤ የሚመሰክርለት ግን የለም።

አንድ ማክሰኞ ከወንዙ መሻገሪያ ላይ ከእመት አህያ ጋር ተገናኙ። እሷ ከወዲያ ማዶ፣ እሱ ከወዲህ። አያ ጅቦ ከብስክሌቱ ወርዶ ቆመ።

«እንዴት ዋልሽ፣ እመት አህያ?»

«ደኅና፣ እግዜር ይመስገን። እግርህስ?»

«ድኗል።»

«እሰይ» አለች። ከልቧ ነበር። አንድ እግሯን መሬት፣ አንድ እግሯን ፔዳሉ ላይ እንዳደረገች፣ ሳትወርድ፣ እሱ ቀድሞ እስኪሄድ ድረስ ጠበቀች።

ከዚህ የምንማረው፣ ወዳጁን ለሆዱ ሲል የከዳ ይቅርታ ቢያገኝ እንኳ ያጣውን እምነት መልሶ እንደማያገኝ ነው።