ጠብታው ለውሃው ነው

አንድ ሰው ነበረ።

ተቀመጪ፣ ዘርፌ። በር ላይ ቆመሽ የምትሰሚው ነገር አይደለም። «አባባ፣ ልጄ መናገር ትታለች፤ ከዚህ በኋላ ደግሞ የት ልውሰዳት?» ብለሽ ነው የጠየቅሽኝ። የሰባት ዓመት ልጅ! ጸበል ወስደሻታል፣ ሐኪም አሳይተሻታል፣ ቫይታሚን ገዝተሽላታል፣ አስጠኚ ቀጥረሽላታል። እኔ ሐኪም አይደለሁም። የማውቀው ይህን አንድ ሰው ነው፤ ስጨርስ ብትቆጪኝም ቅር አይለኝም።

አንድ ሰው ነበረ። ጡረታ ወጥቷል፤ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አይሆንለትም፤ ጽዳት ሲወድ ለጉድ ነው። እህቱ ኦፕራሲዮን ልትሆን ሆስፒታል ስትገባ አንድ የመስታወት ገንዳ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። ገንዳው ውስጥ አምስት ቀያይ ዓሦች አሉ። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቷ ውስጥ ከሷ ሌላ የሚንቀሳቀስ ነገር እነሱ ብቻ ነበሩ። ውሃ የሞላ ባልዲም አብራ አምጥታለች።

«ውሃ ስትቀይርላቸው ከዚህ ባልዲ ጥቂት ጥቂት ቅዳ፤ ሲያልቅ ሞልተህ አቆየው» አለችው። «አደራ፣ ወንድም ዓለም።»

«አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ! አንቺ ብቻ ድነሽ ነይ» አላት። ሸኝቷት ተመለሰ።

በማግስቱ ባልዲውን ከፍቶ አየው። የከረመ ውሃ ነው፤ ላዩ ላይ አቧራ ቢጤ ይታያል። የእህቱ ሰፈር ውሃ የሚያገኘው በፈረቃ ነው፤ ስለዚህ ባልዲ ሞልቶ ማስቀመጥን የቸገረው ሰው ዘዴ አድርጎ ቆጠረው። «ምስኪን እህቴ! እኔ ቤት ውሃ መቼ ይጠፋና ነው የቆመ ውሃ የምሰጣቸው?» አለ። ባልዲውን ደፋው። ገንዳውንም ባዶ አድርጎ መስታወቱን ፈተገና ከቧንቧው አዲስ ውሃ፣ ጥርት ያለውን፣ እስከ አፉ ሞላላቸው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉሻል ይሄ ነው።

ከሰዓት በኋላ ዓሦቹ ሁሉ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ደስ ብሏቸው መሰለው። ጠዋት ሲነሳ አንዱ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ተንሳፏል።

ምን ያደረገ ይመስልሻል? ውሃው ቆሽሾ ይሆናል ብሎ እንደገና ሙልጭ አድርጎ ቀየረ። ሁለተኛው ሞተ። ወይ ጉድ ብሎ እንደገና ቀየረ። አንዱ በሞተ ቁጥር አዲስ ውሃ ይጨምራል፤ አዲስ ውሃ በጨመረ ቁጥር አንዱ ይሞታል። በዚህ መሀል እህቱ ከሆስፒታል ትደውላለች። «ዓሦቼስ?» «ደህና ናቸው፤ እየዘለሉ ነው!»  እሷ ነገ ቢላ የሚጠብቃት ሰው ናት፤ እንዴት ብሎ ይንገራት?

ሦስተኛው የሞተው እሷ ኦፕራሲዮን በምትሆንበት ጠዋት ነው። ውሃውን አሁንም ቀይሮ የሞተውን ዓሣ በፌስታል ቋጠረና የዓሣ ዕቃ ወደሚሸጥበት ሱቅ በረረ። ባለሱቋ ሴት ናት፤ ተረጋግታ ቆሎ ትቆረጥማለች።

«የዓሣ መድኃኒት ስጪኝ! ጠንከር ያለውን!» አላት።

መደርደሪያው ላይ ጠርሙሱ ዓይነት በዓይነት ነው። ትልቁን፣ ዓሣ የሚዘልበት ሥዕል ያለበትን ብድግ አደረገ።

«እሱ ለቁስል ነው። ዓሦችህ ቆስለዋል?»

«አልቆሰሉም። ይሄስ?»

«እሱ ደፍራሽ ውሃ ያጠራል።»

«የኔማ ውሃ እንደ መስታወት ነው!»

«እንግዲያው ምን ያደርግልሃል?»

«ታዲያ የሚያድናቸው የቱ ነው? ሁለት ነው የቀሩኝ፣ ሴትዮ! የአደራ ናቸው!»

ባለሱቋ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ ከፊቱ አነሳች። «ዓሣውን ተወውና ሄደህ ውሃውን አምጣልኝ» አለችው።

«የሞተው ዓሣው ነው እንጂ ውሃው አይደለም!» ብሎ ጮኸባት። እሷ ወደ ቆሎዋ ተመለሰች። ምን ያድርግ? ሮጠ። ቤት ሲደርስ ሁለቱ ዓሦች ላይ ላዩን አፋቸውን ከፍተዋል፤ አንደኛው ወደ ጎን መጋደል ጀምሯል። ውሃውን በፕላስቲክ ጠርሙስ ቀድቶ እያለከለከ ተመለሰ።

ባለሱቋ አሸተተችውና ጠርሙሱን መልሳ አፍንጫው ሥር ያዘችለት። በረኪና በረኪና ይላል።

«መቼ የቀዳኸው ነው?»

«ዛሬ ጠዋት! ከቧንቧው እንደቀዳሁ ወዲያው ነው የምሰጣቸው።»

«የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለበት» አለችው። «ለኛ ደግ ነው፤ ጀርሙን ይገድልልናል። የዓሣን መተንፈሻ ግን ያቃጥላል። ባልዲ ውስጥ ከርሞ ቢሆን ክሎሪኑ ይወጣለት ነበር። ባልዲ ቢጤ አልነበረህም?»

ሰውዬው እጁን አፉ ላይ ጫነ። የደፋው ባልዲ ትዝ አለው።

ሴትየዋ ከታችኛው መደርደሪያ ሥዕል የሌለበት ትንሽ ጠርሙስ አወጣች። «ይሄ ክሎሪን ያጠፋል፤ ሌላ ሙያ የለውም። ላንተ የሚሆንህ እሱ ነው።»

«ስንት ስንት ጠብታ ልስጣቸው?»

«ለነሱ አይደለም!» አለች፤ አሁን ተቆጣች። «ጠብታው ለውሃው ነው። ዓሦችህ ሕመም የለባቸውም። መጀመሪያ በባልዲ ቅዳ፤ ባልዲው ውስጥ ጨምርበት፤ ከዚያ ነው ወደነሱ የምታፈሰው። መድኃኒት የሚያስፈልገው አንተ የምታፈስባቸው ነገር ነው።»

ዳኑ ወይ? ቆይ፣ አትቸኩዪ። እንዳለችው አደረገና መስታወቱ ፊት ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ዓሦቹ አሁንም ላይ ናቸው። ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። እህቱ ናት፤ ድምጿ ሰልሏል።

«ተርፌያለሁ» አለችው። «ዓሦቼስ፣ ወንድም ዓለም?»

«ደህና ናቸው» የምትለው ቃል ምላሱ ላይ ነበረች። ሦስት ቀን የለመዳት ቃል ናት። ዋጣት።

«ሦስቱ ሞቱ» አላት። «በሽታ አይደለም። ባልዲሽን ደፍቼ ውሃውን ያበላሸሁባቸው እኔ ነኝ።»

 ስታለቅስ ይሰማዋል። ቆይታ ቆይታ «የቀሩትን ያዝልኝ» ብላ ዘጋችው። በማግስቱ ሁለቱ ወደ ታች ወርደው እየዋኙ አገኛቸው። ሦስቱ ግን ሞተው ቀሩ፤ እህቱም ስትመለስ ገንዳውን ያየችው እንደጎደለ ነው።

አሁን ወደኔ ተመልከቺ፣ ዘርፌ። ያንቺና የኔ ቤት ግድግዳ አንድ ነው። ሸመገልኩ እንጂ አልደነቆርኩም። ሳህን ሲሰበር እሰማለሁ። ባልሽ ሲጮህ እሰማለሁ፤ አንቺም ስትመልሺ፣ እግዜር ያሳይሽ፣ ከሱ አታንሺም! ልጅቷ አፏን ስትዘጋስ ምን አደረጋችሁ? «ባንተ ነው»፣ «ባንቺ ነው» ብላችሁ ባሰባችሁ። እሷ ምግብ ስትተው ደግሞ ጨመራችሁ። ያ ሰውዬም አንድ ዓሣ በሞተበት ቁጥር ያንኑ ውሃ ነበር የሚቀዳው። ጠልታችኋት አይደለም፤ አውቃለሁ። እሱም ጠልቷቸው አልነበረም።

ዓሣዋ ልጅሽ ናት። ውሃው የናንተ ቤት ነው። ወደ ሐኪሙ አትውሰጃት አላልኩሽም፤ ውሰጃት። ግን ከሐኪሙ ስትመለስ የምትገባው የት ነው? እዚያው ጩኸት ውስጥ አይደለም ወይ? አንቺ ግን ጠርሙስ ስታማርጪ ከረምሽ።

ነጠላሽን ከፊትሽ ላይ አንሺ፤ ላስለቅስሽ ብዬ አይደለም። «ታዲያ ምን ልበላት?» አልሽ? ያ ሰውዬ ለእህቱ ያላትን በያት። «አንቺ ምንም አልሆንሽም፤ ውሃውን ያበላሸነው እኛ ነን» በያት። አባቷን ደግሞ ወደኔ ላኪው፤ እሱም እዚችው ወንበር ላይ ተቀምጦ ይሰማል።

በይ ተነሺ፣ ሂጂ። ያ ሰውዬ የነቃው ሦስቱ ከሞቱበት በኋላ ነው። ያንቺዋ አንዲት ናት፤ ገና አለችልሽ።