የሸዋፈራውን ልጅ ማን ይሰይም?

በአንድ ወቅት፣ ማሽላ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ በሚከርምበት በጨርጨር፣ ራስ ምታት እንኳ የማያውቅ ሸዋፈራው የሚባል ገበሬ ነበር። ሚስቱ ዘርፌ አረገዘችና የጉድጓድ ማሽላ ገንፎ አማራት።

ጉድጓድ ሲከፈት እስኪናፈስ መጠበቅ የአገሩ ደንብ ነው። ታናሽ ወንድሙ መርዕድ ግን፣ «ጋሼ፣ እሷ ምራቋን ትውጣለች፣ አንተ እዚህ ነፋስ ትጠብቃለህ?» ብሎ አሾፈበት። ሸዋፈራው ሳቀና ወረደ። እህሉ ሻግቶ ኖሮ አቧራው አፈነው።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ የሻጋታ ብናኝ ሁላችንም በየቀኑ እንተነፍሳለን፤ ጤነኛ ሳንባ ጠራርጎ ያስወጣዋል። ብዙውን ጊዜ የሚያጠቃው ሰውነቱ የደከመውን ነው። እንደዚያ ባንዴ ሲጎርፍበት ግን ጎበዙም አይችለው፤ ሳንባው ውስጥ ሥር ይሰድበታል።

ሸዋፈራው ደም ያስለው ጀመር። ቲቢ ነው ተባለና ኪኒን ተሰጠው፤ ጓሮ ባለች ጎጆም ለብቻው ተኛ። መርዕድን፣ «ጉድጓድ መውረዴን ለማንም እንዳትናገር፤ ዘርፌ በአምሮቴ ገደልኩት ትላለች» ብሎ አስማለው። ልጁ ስትወለድ ልቅሶዋን ብቻ ሰማ።

«ማንን ትመስላለች?» ይላል ዘወትር።

«አንተን፣ ምስኪን» ትለዋለች ዘርፌ ከግድግዳው ማዶ።

ታላቅ ወንድሙ ይልማ ኪኒኑ እንዳልሠራ አየ። ሰው ሁሉ «ኪኒኑን ይጨርስ እንጂ» ቢለውም አልሰማም፤ በቃሬዛ አሸክሞ ከተማ ሐኪም ቤት አደረሰው።

ሐኪሟ የቲቢ ምልክት አጣች። «ከመታመምህ በፊት ምን ስትሠራ ነበር?» ስትለው ሸዋፈራው፣ «ምንም» አለ። ቃሬዛውን ተሸክሞ የመጣው መርዕድ ግን መሐላውን አፈረሰ፤ «ጉድጓድ ወርዶ ነው። ያስቸኮልኩትም እኔ ነኝ» አለ። ከሳንባው ናሙና ተወሰደና ሻጋታው ተገኘ።

መድኃኒቱ ለወራት የሚዋጥ ነው፤ ያስመልሳል፣ ዓይን ያደናግራል። ሸዋፈራው ተስፋ ቆርጦ «ቤቴ ልሙት» አለ። ያኔ እህቱ አሰገደች ቤቷን ዘግታ መጣች። ለዘርፌ ትደውልና ስልኩን ጆሮው ላይ ደግና፣ «አንድ ኪኒን፣ አንድ ልቅሶ። ካልዋጥክ እዘጋዋለሁ» ትለው ነበር። የልጁን ድምፅ ለመስማት ሲል ዋጠ።

ከስቶም ቢሆን ድኖ ቤቱ ገባ። ልጅቷ እስካሁን ስም የላትም፤ ዘርፌ «አባቷ ሳይመጣ አይሆንም» ብላለች። ሲያቅፋት አላወቀችውምና አለቀሰች፤ እሱም አብሯት።

«እንግዲህ ላንተ መዳን ምክንያት የሆነው ይሰይማት» አለች ዘርፌ።

«እኔ ባላደርሰው ሐኪሟ ማንን ልትጠይቅ ነበር?» አለ ይልማ።

«የታዘዘውን ማን አስዋጠውና?» አለች አሰገደች።

መርዕድ አንገቱን ደፋ። ነገሩን ሁሉ የሰማችው ዘርፌ አየችውና፣ «ጉድጓድ እንዲገባ ያስቸኮለውማ አይሰይማትም» አለች።

«ባይናገር ግን የት ነበርኩ?» አለ ሸዋፈራው።

ወንድሞቹና እህቱ ሦስቱም ፊቱ ቆመዋል፤ ልጅቷ እቅፉ ውስጥ ናት። እናንተ ብትሆኑ ለማን ታቀብሏት ነበር?