የጋሽ አንጁሎ ሁለተኛ ጉድጓድ

አንድ ድረ ገጽ የሚሠራ ወጣት ነበር፤ ስሙ ይድነቃቸው። በእንጦጦ ግርጌ፣ ሸማኔዎች በሚበዙበት ሰፈር፣ ከእትዬ ወይንሸት ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። ከሁለት ዓመት በፊት «ከእንግዲህ አለቃዬ እኔው ነኝ» ብሎ የቢሮ ሥራውን ለቀቀ። እውነቱን ለመናገር ጎበዝ ነው፤ እጁ ያረፈበት ገጽ ዓይን ይይዛል። ችግሩ አለቃ ተብዬው ነበር። እንዲህ ያለ ልል አለቃ በአገሩ ታይቶ አይታወቅም። ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ቢነሳ ዝም፣ የዛሬውን ሥራ ለነገ ቢያሳድር ዝም ነው።

ውሎውን ልንገራችሁ። ላፕቶፑን አልጋው ላይ ይከፍትና ከመጀመሩ በፊት «አንድ ቪዲዮ ብቻ» ይላል። አንዱ ሌላውን እየጠራ ረፋዱ ያልፋል። ከዚያ እትዬ ወይንሸት በበሩ ብቅ ይላሉ። «ይድነቃቸው፣ መቼም አንተ ቤት ነህ፤ የውኃው ሰውዬ ሲመጣ ቆጣሪውን አሳይልኝ።» እሳቸው ዞር ሲሉ የእድሩ ጸሐፊ ይመጣል፤ ድንኳን የሚተክል ሰው ጎድሎታል። እሱ ሲሄድ ደግሞ ስልኳ የተዘጋባት ጎረቤት ትመጣለች። በሰፈሩ ዓይን ቤቱ የሚውል ሰው ሥራ ፈት ነው፤ ፊቱ ኮምፒውተር መኖሩ ነገሩን አይለውጠውም።

ሰው ላይ ብቻ ማሳበብ ግን አይገባም። ማንም በማይጠራው ሰዓት እንኳ ቁጭ ብሎ የራሱን ገጽ ቀለም ሲለዋውጥ ይውላል። ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይባላል፤ ይሄኛው ሥራ ሞልቶት ነው ቆቡን የሚቀደው። ለምን ሲባል መልሱ አንድ ነው፤ «ሙዱ ሲመጣ እሠራዋለሁ።»

በዚህ አኳኋን ሁለት ደንበኞች አመለጡት። ሦስተኛዋ ወይዘሮ ስኂን፣ ማር ወደ ውጭ አገር የሚልኩ ነጋዴ ነበሩ። ነገራቸው አጭር ነው። «የንግድ ትርኢት ሊከፈት ነው፤ ገዢዎች ከሩቅ ይመጣሉ። ከዚያ በፊት ድረ ገጼ ይድረስልኝ። ሃያ አንድ ቀን አለህ። ከትርኢቱ በኋላ ብታመጣልኝ አልፈልገውም።»

ታላቅ ወንድሙ ጌትዬም በበኩሉ ቁርጡን ነግሮታል። የሕንፃ መሣሪያ መደብር አለው። «ሁለት ዓመት ሞከርክ፣ ይበቃል። ይህንንም ካበላሸኸው መጥተህ መጋዘኔን ትይዛለህ» ብሎታል። ይድነቃቸው ያንን መጋዘን ያውቀዋል፤ መስኮት የለውም፣ ውሎው ሚስማር መመዘን ነው። ከዚህ ዓለም እንደዚያ መጋዘን የሚፈራው ነገር አልነበረም። ያም ሆኖ ከሃያ አንዱ ቀን ዘጠኙ ሲያልቅ የተሠራው የመግቢያው ገጽ ግማሽ ብቻ ነበር።

በአሥረኛው ቀን እትዬ ወይንሸት እንደ ልማዳቸው ላኩት። ጋቢያቸው ጠርዙ ተተርትሯልና ጋሽ አንጁሎ ዘንድ ያድርስላቸው። ጋሽ አንጁሎ በልጅነታቸው ከዶርዜ የመጡ፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚያከብራቸው ሸማኔ ናቸው። የሥራ ክፍላቸው ወለሉ አፈር ነው፤ አፈሩ ላይ ሁለት ጉድጓድ ተቆፍሯል። ሸማኔ ጠርዙ ላይ ተቀምጦ ሁለት እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ይከትና ከታች እየረገጠ፣ ከላይ እየወረወረ ይሠራል። በአንደኛው ጉድጓድ ጋሽ አንጁሎ አሉ። ሁለተኛው የልጃቸው ነበር፤ ልጁ ሹፌር ሆኖ ከሄደ ወዲህ ባዶ ነው።

«ጋሽ አንጁሎ፣ እትዬ ወይንሸት ልከውኝ ነው። ይህን አሁን ያዩልኛል?»

ሽማግሌው መወርወሪያቸውን አላቆሙም። «እግሬ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ስድስት ሰዓት ስወጣ አየዋለሁ፤ እዚያ ቁጭ በል።»

ቁጭ አለ። ሥራውን ለመሸሽ ሰበብ አገኘ መሰለኝ፣ አልተከፋም። በዚያ አንድ ሰዓት ውስጥ ግን ያላሰበውን አየ። አንድ ደላላ መጣ፤ ጋሽ አንጁሎን ሊጠራ አፉን ከፈተና እግራቸው ከታች መሆኑን ሲያይ «ለካ ገብተዋል፤ በኋላ እመለሳለሁ» ብሎ ሄደ። ቀጥሎ ያ የእድር ጸሐፊ መጣ፣ ይድነቃቸውን በቀን ሦስት ጊዜ የሚጠራው ሰውዬ። እሱም በሩ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይቅርታ፣ ሥራ ላይ ነዎት» አለና ዞሮ ተመለሰ። ይድነቃቸው ዓይኑን ማመን አቃተው።

ስድስት ሰዓት ሆነና ሽማግሌው ጉልበታቸውን ይዘው ወጡ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለ ይድነቃቸው። «ሙዱ ሲጠፋብዎትስ ምን ያደርጋሉ?»

«ምንድን ነው እሱ?»

«የመሥራት ስሜት። ልብዎ እምቢ ሲልዎት ማለቴ ነው።»

ጋሽ አንጁሎ ሳቁ። «ልቤማ በየጠዋቱ እምቢ ነው የሚለው። እኔ ልቤን ጠይቄ አላውቅም። ሁለት ሰዓት ሲሆን እግሬን አስገባለሁ። እግር ከገባ እጅ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ይሠራል። ልብ ደግሞ ቆይቶ ይመጣል፣ የት ይሄዳል?» ጋቢውን ገለጥ አድርገው ጠርዙን አዩና እንደገና ቀና አሉ። «አንተስ፣ ጉድጓድህ የት ነው?»

«የእኔ ሥራ ጉድጓድ የለውም፣ ጋሼ። ኮምፒውተር ነው።»

«ለዚያ ነዋ የሚልኩህ» አሉት።

ይህ ቃል ከነከነው። ቤቱ ገብቶ አልጋውን ሲያይ፣ አልጋው ላይ የተከፈተውን ላፕቶፕ ሲያይ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ወደ ሥራ ገብቶ እንደማያውቅ ገባው። አፈረም።

በማግስቱ ልክ በሁለት ሰዓት ላፕቶፑን አቅፎ ሽማግሌው በር ላይ ቆመ። «ጋሼ፣ ባዶውን ጉድጓድ ያውሱኝ።»

ጋሽ አንጁሎ ከላይ እስከ ታች አዩት። ይቀልዳል ብለው ነበር፤ አይቀልድም። «ከገባህ እስከ ስድስት ሰዓት መውጣት የለም። ከምሳ በኋላ ከስምንት እስከ አሥራ አንድ። ጫማህን በር ላይ አውልቅ፤ ስልክህንም እዚያው ጫማህ ውስጥ ክተተው።»

«ኢንተርኔት የማገኘው በእሱ ነው እኮ።»

«ጫማ ውስጥ ሆኖ አያቀብልህም?»

ያቀብለዋል። ይድነቃቸው ስልኩን ጫማው ውስጥ ከትቶ፣ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ፣ ሽማግሌው የሰጡትን ሳንቃ ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ላፕቶፑን አስቀመጠ። የመጀመሪያው ሰዓት መከራ ነበር። እግሩ ደነዘዘ፣ አፈር አፈር ሸተተው፣ ስልኩ ናፈቀው። ሊወጣ አሰበ። ለመውጣት ግን ላፕቶፑን ማንሳት፣ ሳንቃውን ማንሳት፣ መሬቱን ተደግፎ ጉልበትን ስቦ መነሳት፣ ከዚያ ሱሪን ማራገፍ አለ፤ ይህ ሁሉ ደግሞ በጋሽ አንጁሎ ፊት። «ለአንድ ቪዲዮ!» አለ በልቡ። ያኔ ነው የጉድጓዱ ጥበብ የገባው። አልጋ ላይ ከሥራ ለመውጣት አንድ ጣት ይበቃል፤ ከዚህ ለመውጣት ግን ጣጣው ብዙ ነው።

ስልኩ ጮኸ።

«ጫማህ ይጮኻል» አሉ ጋሽ አንጁሎ።

«ይጩኽ» አለ ይድነቃቸው።

ወደ አራት ሰዓት ገደማ ሙዱ መጣ። መቼ እንደመጣ አላወቀም፤ ቀና ብሎ ሲያይ ስድስት ሰዓት ሆኗል፣ የመግቢያው ገጽም አልቋል። ዘጠኝ ቀን እምቢ ያለው ሥራ በአንድ ረፋድ።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ወይንሸት የሚልኩት ሰው ፍለጋ መጡ። «ይድነቃቸው እዚህ ነው አሉኝ?»

«ጉድጓድ ውስጥ ነው» አሉ ጋሽ አንጁሎ፣ መወርወሪያቸውን ሳያቆሙ።

ሴትዮዋ አንገታቸውን አስግገው አዩ። ተከራያቸው እስከ ጉልበቱ መሬት ውስጥ ገብቶ ኮምፒውተር ይጎረጉራል። በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው እየሳቁ ሄዱ። ማታውን ሰፈሩ ሁሉ ሳቀ፤ «ባለ ጉድጓዱ» የሚል ስምም ወጣለት። ይሳቁ። ከዚያ ቀን ወዲያ በሥራ ሰዓት የላከው ሰው የለም።

ጉድጓድ በገባ በአምስተኛው ቀን ረፋድ ላይ መብራት ጠፋ። የላፕቶፑ ባትሪ ጥቂት ቆየና እሱም አለቀ። ይድነቃቸው ሳንቃውን አነሳ።

«ወዴት?» አሉ ሽማግሌው።

«መብራት የለም እኮ፣ ጋሼ።»

«እኔ ማግ ሲያልቅብኝ ወጥቼ እሄዳለሁ? እዚሁ ተቀምጬ ክር አጠነጥናለሁ። የአንተ ሥራ ሁሉም በመብራት ነው?»

ሊመልስ አለና አሰበ። ሁሉም አይደለም። ያልተጻፈ ጽሑፍ አለ፤ ቅደም ተከተሉ ያልተወሰነ ፎቶ አለ፤ ገዢው ማር የሚያዝዝበት ገጽ ገና በሐሳብ ደረጃ ነው ያለው። ሳንቃውን መለሰና ደብተርና እርሳስ አወጣ። እስከ ስድስት ሰዓት የቀሩትን ገጾች በሙሉ በእርሳስ ነድፎ ጨረሰ። ከሰዓት መብራት ሲመጣ እጁ የት እንደሚሄድ ያውቅ ነበር። መብራት ጠፋ ብሎ ሊያባክነው የነበረው ቀን ከሁሉም ቀን የበለጠ አፈራ።

እንዲህ እያለ ሃያኛው ቀን ደረሰ። አምስት ሰዓት ላይ አንድ ፒካፕ በር ላይ ቆመ፤ ወንድሙ ጌትዬ ነው። ሁለት ጊዜ ረፋድ ላይ ደውሎ ስልክ ስላልተነሳለት «አበላሽቶት ተደበቀ» ብሎ ደምድሟል። መኪናውን ባዶ ያመጣው የይድነቃቸውን ፍራሽ ሊጭንበት ነበር።

«ተነስ» አለ ከበሩ ላይ። «ዕቃህን ጫንና እንሂድ። መጋዘኑ ሰው ይፈልጋል።»

«ጉድጓድ ውስጥ ነው» አሉ ጋሽ አንጁሎ። «ስድስት ሰዓት ይወጣል።»

«ወንድሙ እኮ ነኝ፣ አባቴ። አንድ ደቂቃ ብቻ ነው።»

«ስድስት ሰዓት፣ ወንድም ጋሼ» አለ ይድነቃቸው፣ ዓይኑን ከሥራው ሳያነሳ።

ጌትዬ ሰው ጠብቆ የሚያውቅ ሰው አይደለም። ሊቆጣ አሰበ፤ ነገር ግን ሁለቱ ሰዎች አንገታቸውን ደፍተው ሲሠሩ ሲያይ ቁጣው ቦታ አጣ። በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። አንድ ሰዓት ሙሉ የታናሽ ወንድሙን እጅ ተመለከተ። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲጠራ «አቤት» ብሎ የሚሮጠው ልጅ ዛሬ አልሮጠም። ጌትዬ ይህን ሲያይ ደስ አለው፤ ለምን እንደሆነ ግን ራሱም አልገባውም።

ስድስት ሰዓት ሆነ። ይድነቃቸው ሳንቃውን አነሳ፣ ጉልበቱን ስቦ ወጣ፣ ሱሪውን አራገፈ። ከዚያ ላፕቶፑን ወደ ወንድሙ አዞረው። የወይዘሮ ስኂን ማር ከነቀፎው፣ ከነአበባው፣ ከነዋጋው፣ ከነማዘዣው በሙሉ አለ።

«አልቋል» አለ። «ቀኑ ሳይሞላ።»

ጌትዬ ገጹን ወደ ታች ወደ ላይ ሲያገላብጥ ቆየ። «ይህን ሁሉ እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ሆነህ ነው የሠራኸው?»

«እዚሁ።»

ጉሮሮውን ጠረገ። «የእኔም መደብር እኮ ድረ ገጽ የለውም።»

«እሠራልሃለሁ» አለ ይድነቃቸው ጫማውን እያደረገ። «ወረፋ ያዝ እንጂ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው የምደርስልህ።»

ጋሽ አንጁሎ በሥራ ላይ ሆነው አይስቁም፤ ያን ቀን ግን ሰዓቱ ስድስት ነበርና እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ፒካፑም ባዶውን እንደመጣ ባዶውን ተመለሰ።

ትርኢቱ ሲከፈት ከገዢዎቹ አንዱ ገና አገሩ ሳለ ገጹን አይቶ ስለነበር በቀጥታ ወደ ወይዘሮ ስኂን ማር ነው የሄደው። እሳቸውም ዝም አላሉም፤ ሁለት ነጋዴ ወዳጆቻቸውን ወደ ባለ ጉድጓዱ ላኩ።

ዛሬ ይድነቃቸው አንድ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ቢሮ ተከራይቷል። ሲሚንቶ አይቆፈርም። ጋሽ አንጁሎ መርቀው የሰጡት ያ ሳንቃ ግን አብሮት ወጥቷል። በየጠዋቱ ልክ በሁለት ሰዓት ጫማውን በር ላይ ያወልቃል፣ ስልኩን ጫማው ውስጥ ይከታል፣ ሳንቃውን ጉልበቱ ላይ ያጋድማል። ረፋድ ላይ እሱን ፍለጋ የሚመጣ ሰው ቢኖር የሕንፃው ጥበቃ ከታች ይመልሰዋል። «አሁን አይገኝም፣ ጉድጓድ ውስጥ ነው።» እንግዳው ወደ አራተኛው ፎቅ ቀና ብሎ እያየ ግራ ይጋባል።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ይህ ነው። ለራሱ የሚሠራ ሰው ጊዜ ስላለው የሚደርስ ይመስለዋል፤ የሚያደርሰው ግን የሚገባበት ሰዓትና በቀላሉ የማይወጣበት ቦታ ነው። ስሜት ሲመጣ እገባለሁ ያለ ደጅ ላይ ይቀራል፤ አስቀድሞ የገባውን ግን ስሜት ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል። ሰውም ቢሆን ሥራችንን የሚያከብርልን እኛ ስናከብረው ካየ በኋላ ነው።

የእናንተስ ጉድጓድ የት ነው? ስንት ሰዓት ትገባላችሁ? ይህን የምታነቡት በሥራ ሰዓት ከሆነ ደግሞ ስልኩን አሁኑኑ ጫማችሁ ውስጥ ክተቱት። ለወዳጅ ለማካፈል ስድስት ሰዓት ይደርሳል።