ለየብቻ የተመቱት ሽቦዎች

ወገኖቼ፣ ሚስቱ የሞተችበት አንድ ጡረተኛ ነበር። ንጹሕ ሰው፣ ዝርክርክ ነገር የማይወድ። ልቅሶ ደራሹ ከተበተነ ወዲህ ጎረቤቱ ወይዘሮ ተዋበች በሩን ስታንኳኳ ከውስጥ ሆኖ «ደህና ነኝ፣ አትድከሚ!» ይላታል። አይከፍትላትም። ሰው ማስቸገር አይወድማ!

የቀረችለት ሞያሌ የምትሠራው ልጁ ውዳሴ ናት። እሑድ እሑድ በቤቱ ስልክ ትደውላለች። ሳምንቱን የሚገፋው ያችን ድምፅ እየጠበቀ ነው።

ለሚስቱ ሙት ዓመት ቤቱን ቀለም ቀባ። የስልኩ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች እርስ በርስ ተጠማዝዘው ሲያያቸው አስጠሉት። ፈታቸው፤ ለያይቶ፣ ቀጥ አድርጎ፣ ከመብራቱ ሽቦ ጎን ግድግዳው ላይ ለየብቻ በሚስማር መታቸው። አቤት ማማር!

እሑድ ስልኩ አቃጨለ። ቢያነሣው «እዝዝዝ» የሚል ጩኸት ብቻ። «አባዬ? ኧረ አይሰማም!» ተቋረጠ። በሚቀጥለውም እሑድ እንደዚያው። ከዚያ ወዲያ ስልኩ ዝም አለ።

«ሰለቸኋት» አለ። ለማን ይንገር? ማን አለውና? ቁጭ ብሎ ብቻውን አለቀሰ።

ውዳሴ ግን ለካ ጨንቋት ለወይዘሮ ተዋበች ደውላ ኖሯል። ተዋበች በሩን ደበደበችው።

«ዛሬ ሳትከፍት አልሄድም! ልጅህ በሐሳብ ልታልቅብህ ነው!»

ከፈተ። ሴትዮዋ ዕድሜዋን ስልክ መሥሪያ ቤት የሠራች ናትና ዐይኗ ግድግዳው ላይ አረፈ።

«እነዚህን ማን ለያያቸው?»

«እኔ ነኛ። ተጠላልፈው አስጠሉኝ።»

«ወይ ጉድ! እንዲጠማዘዙ የተደረገው እኮ በምክንያት ነው። የመብራቱ ጩኸት ሁለቱም ላይ እኩል ሲያርፍ ስልኩ ያንን ይጥለዋል፤ የሰው ድምፅ ብቻ ይቀራል። ስትለያያቸው ግን ለመብራቱ የቀረበው ሽቦ ብዙውን ይሸከማል። ያን ጊዜ ጩኸቱ ጆሮህ ድረስ ይመጣል።»

ነቅላ መልሳ ጠማዘዘቻቸው፤ ከመብራቱም አራቀቻቸው። ለውዳሴ ደወሉላት።

«አባዬ!» ጥርት ያለ ድምፅ! ሰውየው አለቀሰ። ተዋበችም አብራው አለቀሰች። ሟቿ የእሷም የልብ ጓደኛ ነበረች፤ እሷም ዓመቱን ሙሉ አብሯት የሚያለቅስ አላገኘችም።

ልብ በሉ ወገኖቼ። የመብራቱ ሽቦ ከግድግዳው አልወጣም። ሐዘኑስ መች ከቤቱ ወጣ? አልወጣም። ግን ሁለት ሆነው ተሸከሙት።

እናንተስ? «ሰው አላስቸግርም» ብላችሁ ለየብቻ ቀጥ ብላችሁ የቆማችሁ፣ ማን ጠርቷችሁ ይሆን ያልሰማችሁት? እኛስ፣ «ደህና ነኝ ብሏል» ብለን ከደጅ የተመለስን?

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ወደዚያ ደጅ ሂዱ። «ደህና ነኝ» ቢላችሁ አትመኑት። እስኪከፍት አንኳኩ።