ካፒቴኑ የተለወጠበት መጽሐፍ

አንዲት ደራሲ በቴሌቪዥን የሚታይ የጠፈር ድራማን እየተከተለች ልብ ወለድ ትጽፍ ነበር። የሥራው ሕግ አንድ ነው፤ የድራማው ካፒቴን በመጽሐፉ ውስጥ ምንም ቢደርስበት፣ መጨረሻው ገጽ ላይ ተመልካች እንደሚያውቀው ሆኖ መገኘት አለበት።

አንድ ቀን የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ አቶ ልሳነወርቅ ሠራተኛው በተሰበሰበበት ረቂቋን ጠረጴዛው ላይ ወረወሩት።

«ካፒቴኑ እዚህ ውስጥ ምንም አይለወጥም! አንባቢ እስኪያለቅስ ድረስ ይለወጥ እንጂ! ሲያበቃ ግን ፀጉሩ እንኳ እንደ ድሮው ይሁን። ካልቻልሽ ሌላ ደራሲ እንቀጥራለን።»

«ቀላል ነው፣ ጋሽ ልሳነወርቅ» አለች። «መንኮራኩሯ ውስጥ ግምገማ ይጠራል። ካፒቴኑ ተነስቶ ግለ ሂስ ያደርጋል። ቁጡ ነኝ፣ ሰው አልሰማም እያለ እንባ ይተናነቀዋል። ከዛሬ ጀምሮ ሌላ ሰው እሆናለሁ ብሎ ይምላል። በማግስቱ ሥራ ይገባል፤ መጽሐፉም ያልቃል።»

«እንደዚያ የማለ ሰው በማግስቱ እንደ ድሮው ሆኖ ቢገኝ ማን ያምናል?» ብለው ጮኹባት።

ደራሲዋ ዞር ብላ ሠራተኞቹን አየቻቸው። ሁሉም አንገታቸውን ደፍተው ሳቃቸውን አፍነዋል።

«እዚህ ያለው ሰው ሁሉ ያምናል» አለች። «ትናንት እርስዎ ግለ ሂስ ሲያደርጉ አብረን ነበርን እኮ።»