የአቶ ጉልላት ጉርሻ

«እማዬ፣ ጉንዳኑ የዳቦውን ፍርፋሪ ሁሉ ለቅሞ የድመታችንን ምግብ ለምን ዞሮ ያልፈዋል?» ብላ የአንዲት ቲማቲም ሻጭ ልጅ እናቷን ጠየቀቻት። እናትየው ጎንበስ ብላ አየች፤ እውነትም ዞሮ ነው የሚያልፈው። ድመቷም ያንን ርካሽ የሱቅ ምግብ ከጀመረች ወዲህ ማስመለስ አብዝታለች። «እንዳይበላሽ ብለው ኬሚካል አብዝተውበት ይሆናል» ብላ ለጎረቤት አወራች።

ወሬው ምግቡን ከሚሸጠው ከአቶ ጉልላት ጆሮ ደረሰ። ቲማቲሟን የምትዘረጋው በእሱ ሱቅ በረንዳ ላይ ነበርና፣ ደንበኞቹን ሰብስቦ አስጠራት።

«አንቺ ሴትዮ! ይህ በሳይንስ የተሠራ ነው፤ ከረጢቱ ተከፍቶ ዓመት ቢቀመጥ አይሻግትም። ጉንዳን ነው ደግሞ ያስተማረሽ? በይ ይቅርታ ጠይቂ፤ አለዚያ በረንዳዬን ልቀቂ!» አለና ከድመት ምግቡ ከረጢት አንዲት ፍሬ አፉ ውስጥ ወርውሮ ዋጣት። «ይኸው! ምን ሆንኩ?»

ደንበኞቹ አጨበጨቡለት።

እሷም በልቧ አምላኳን ጠርታ፣ ከከረጢቱ እፍኝ ሙሉ ዘግና ቀረበችው።

«ይቅርታዬ ይኸው፣ ጌታዬ። ድመቴ የምትበላው ሳህን ሙሉ ነው፣ ያውም ያለ ጭብጨባ። ደግሞስ በአገራችን አንድ ጉርሻ ብቻ ይበቃል እንዴ? በሞቴ፣ ይድገሙልኝ!»

አቶ ጉልላት ከንፈሩን ገጥሞ እጇን ዞሮ አለፈ።

«አያችሁ? ጉንዳኑም ልክ እንዲህ ነው ያደረገው» አለች።

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ፤ የበረንዳውን ነገር የሚያነሳ ጠፋ።

በማግስቱ ጠዋት ለድመቷ ሳምባ ቀቅላ ሰጠችና ቲማቲሟን እዚያው ዘረጋች። አቶ ጉልላት ሱቁን ሊከፍት ሲመጣ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ፣ «ቁርስ በልተዋል?» አለችው።